የየኔታ የክርስትና ስም

የኔታ የተቀበሩ ዕለት ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም ነበር። የዚህ አገር ዝናብ በታኅሣሥ ነው የሚወርደው፤ ስንት ዓመት ኖሬበት እስከ ዛሬ አለመድኩትም። ከኢየሩሳሌም ቅጥር ውጭ፣ በአዲሱ ክብ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ ሬሳቸው ተገንዞ በቃሬዛ ላይ ተኝቷል። የማያለቅስ ሰው ቢኖር የኔታ ያልደረሱለት ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በመካከላችን አልነበረም።

የቅኔ መምህር ነበሩ። ከጎንደር ሊሳለሙ መጥተው በዚያው ቀሩ፤ ዐረብኛውን ከገበያ፣ ቱርክኛውን ከሹም ቤት ደጅ ለቃቅመው ተማሩ። ከዚያ ወዲያ መንግሥት ዘንድ አፋችን እሳቸው ሆኑ። ተሳላሚ ሲታሰር፣ በዴር ሡልጣን ገዳማችን የመነኮሳቱ ክፍል ሲያፈስ፣ የሞተ መንገደኛ መቀበሪያ ሲያጣ፣ ደጅ የሚጠኑልን እሳቸው ናቸው። ሹም ቤት ሲገቡ ጥምጣማቸውን አውልቀው ቀዩን የቱርክ ቆብ ያደርጋሉ፤ ሲወጡ በብብታቸው ይሸጉጡታል። አንዳንድ መነኮሳት በዚያ ቆብ ያሟቸው ነበር። የታሰረ ዘመድ ሲኖራቸው ግን አቧራውን አራግፈው የሚያቀብሏቸው ራሳቸው ነበሩ።

ቀሳውስቱ ፍትሐቱን ጀመሩ። "ነፍሰ ገብርከ" ከተባለ በኋላ የሟቹ የክርስትና ስም ይጠራል። አበ ምኔቱ እዚያ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ቄሱ ዞሩ፤ ቄሱ ወደ ዲያቆኑ ዞረ፤ ዲያቆኑ ወደ እኛ። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ሲባል እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

የዓለም ስማቸውንማ በኢያፋ በር የቆመ ባለ አህያ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለጸሎት ግን አይሆንም። የክርስትና ስማቸውን የሚያውቁት የነፍስ አባታቸው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ባለፈው ዓመት ዴር ሡልጣን ላይ አርፈዋል። ሌላ የነፍስ አባት ይያዙ ብዬ ስወተውታቸው "ያን ሁሉ ኃጢአት እንደገና ከመጀመሪያው?" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ደብተራም ነበሩ። ደብተራ የክርስትና ስሙን ለሰው አይናገርም፤ በስም ምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ ያውቃልና። መተት ፈርተው የሸሸጉት ስም ይኸው ከቄስም ተሸሸገ።

አንዱ "የኔታ" ተብለው ይፈቱ አለ። አበ ምኔቱ በዚህ ስም የተጠመቀ ሰው የለም ብለው መለሱት። ሌላው መነኩሴ፣ የቱርክ ቆብ የለመደ ራስ ስሙ ቢጠፋ ምን ይገርማል ብሎ አጉረመረመ። ሬሳ ፊት ባንቆም ኖሮ የምመልስለትን አውቅ ነበር። መቃብር ቆፋሪዎቹ ጉድጓዱ ውሃ እየሞላ ነው ብለው ላኩብን። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስንቱን ተሳላሚ በስሙ አስፈትተው ያስቀበሩ ሰው፣ ራሳቸው ሳይፈቱ ሊሄዱ ነው። ፈራሁላቸው። ያን ጊዜ ነው ያ እንግዳ ትዝ ያለኝ።

ከዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም፣ ከኢያፋ የመጡ ባለ ግመሎች አንድ ሽማግሌ ተሳላሚ ደጃችን አውርደው ሄዱ። ምላሱ ተይዟል። እኔ ገና አልመነኮስኩም፤ ባሌ ሞቶብኝ በግቢው በሽተኛ አስታምም ነበርና ለእኔ ሰጡኝ። ውሃ በጥጥ እያጠባሁ አስታመምኩት፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በእጄ ሞተ። ያኔም ስም ጠፋ፣ ያኔም ቀሳውስቱ ቆሙ። የኔታ ከሹም ቤት ሲመለሱ ደረሱብን። ቆባቸውን በብብታቸው እንደያዙ ሬሳውን ጥቂት አዩትና፣ ወደ ነፍስ አባታቸው ጆሮ ጎንበስ ብለው አንድ ስም ነገሯቸው። ጧፍ ይዤ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁት። የነፍስ አባታቸው ቀና ብለው ትክ ብለው አዩአቸው። ሽማግሌው በዚያ ስም ተፈታ።

ከቀብር ስንመለስ የኔታ ጠሩኝ።

"ይህን ስም አደራ፣ ልጄ፤ አትርሺው" አሉኝ። "አንድ ቀን የሚጠይቅሽ ይመጣል።"

የሟቹ ዘመዶች ይመጣሉ ማለታቸው መሰለኝ። አደራ ከባድ ነው፤ ለትንሣኤ የመጣውን ተሳላሚ ሁሉ፣ በዚህ ስም ክርስትና የተነሣ አባት የጠፋበት አለ ወይ እያልኩ በየዓመቱ ስጠይቅ ኖርኩ። ግቢው ሁሉ ስሙን ከእኔ ተማረው። አንድ ጊዜ የኔታ ስጠይቅ ሰምተውኝ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። አደራውን ሰጥተውኝ መልሰው ሲስቁብኝ ተናደድኩ፤ አኩርፌያቸው ሰነበትኩ።

አሁን ከቃሬዛው አጠገብ ቆሜ ነገሩ ገባኝ። ሽማግሌው ከመጣበት እስከ ሞተበት ከእኔ አልተለየም፤ ደግሞም አልተናገረም። ታዲያ ስሙን ለየኔታ ማን ነገራቸው? የነፍስ አባታቸውስ ለምን እንደዚያ አዩአቸው? ሰው ሁሉ እያየኝ ወደ አበ ምኔቱ ሄጄ ስሙን ነገርኳቸው።

"ይህ የዚያ የተሳላሚው ስም ነው፣ እማሆይ" አሉኝ። "በዚህ ስም አንድ ጊዜ ተፈትቷል።"

"ለእንግዳው አውሰውት ነው፣ አባታችን" አልኳቸው። "አሁን ለባለቤቱ ይመለስ።"

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አበ ምኔቱ ወደ ቃሬዛው ተመለሱ። ያጉረመረመው መነኩሴ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። ከዚያ "ነፍሰ ገብርከ" አሉና ስሙን ጠሩት፤ ቀሳውስቱም ተቀበሏቸው።

እዚህ አልጽፈውም፤ ለቄስ የሚነገር ስም ነው። የሚያስጨንቀኝ ያ ሽማግሌ ነው። ስሙን እግዚአብሔር ያውቀዋል ይሉኛል፤ እኔም ያውቀዋል እላለሁ፤ ግን በጸሎት ሳስበው የምጠራበት አጥቼ "ያ እንግዳ" እያልኩ አልፈዋለሁ። የኔታን ግን ያን ዕለት በቃሬዛቸው ዙሪያ የቆመ ሁሉ፣ ተሳላሚው፣ መነኩሴው፣ መበለቷ፣ በስማቸው ጠራቸው። ስንት ዓመት አብረናቸው ኖረን እሳቸውን በስማቸው የጠራናቸው ያን ዕለት ብቻ ነው። እሳቸው አልሰሙንም።