የእናቴና የሐጂ አጥር

በክረምቱ ዝናብ በእናቴና በሐጂ ግቢ መካከል የነበረው የቆርቆሮ አጥር ተገንድሶ ወደቀ። ሐጂ ከወሎ መጥተው ገርጂ ሱቅ ከፍተው የኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ወሬውን በስልክ ስሰማ ደነገጥኩ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ሌባ ደግሞ ቀጠሮ አይጠይቅም። እሷ ግን የምሥራች የምታበስረኝ ነበር የሚመስለው። የሐጂ ባለቤት እግራቸውን ካመማቸው ጀምሮ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። እናቴ በበር ዞራ እንዳትሄድ መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ ጉልበቷም እምቢ ብሏል። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች በቆርቆሮ አሻግረው ሲጯጯሁ ከርመው ነበር፤ አሁን ወንበር ለወንበር ተያዩ። እናቴ ጠዋት የሐጂ ባለቤት መነሳታቸውን በዓይኗ ካላየች ቁርስ አይወርድላትም። አውሮፕላን በላያቸው ሲያልፍ ወሬውን ያቆሙታል፣ ድምፁ ሲርቅ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

እኔ ኤርፖርት ጭነት ክፍል ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ርዝመት በወርድ በቁመት ሳባዛ የምውል ሰው ስለሆንኩ የአጥር ግምት ለሌላ መስጠትን እንደ ስድብ ቆጠርኩት። እሑድ ከሰዓት ሜትርና ደብተር ይዤ ሄድኩ። ርዝመቱ ሠላሳ ሜትር፣ ቁመቱ ሁለት፣ ለአንድ ካሬ አሥራ ሁለት ተኩል ብሎኬት፤ በድምሩ ሰባት መቶ ሃምሳ። ሲሚንቶውን፣ አሸዋውን፣ የመሠረቱን ድንጋይ ከሥሩ ደረደርኩና በራሴ ኮርቼ ደብተሩን ዘጋሁ።

ያመጣሁት ግንበኛ ግን አንድ ነገር ጠየቀ። የመሠረቱ ወርድ ሃምሳ ሳንቲም ነው፣ የማን መሬት ላይ ይረፍ? በሌላው ሰፈር ሰው ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ለዚህች ሃምሳ ሳንቲም ነው። ግማሽ በግማሽ አልኩ። እናቴ ተቆጣች፤ የሐጂ ግቢ ጠባብ ስለሆነ ሙሉው ወደ እሷ እንዲገባ አዘዘች። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ከብቸኛ ሴት መሬት ቆርሰው ምን ብለው ሰው ፊት እንደሚቆሙ ጠየቁኝና ወደ እሳቸው እንዲገባ አዘዙ።

ግንበኛው መሃሉ ላይ ችካል ተክሎ ሲባጎ ወጠረ። በማግስቱ ሐጂ ለጠዋት ሶላት መስጊድ ሲሄዱ እናቴ ወጥታ ችካሎቹን ወደ ራሷ ሳበቻቸው። በሚቀጥለው እሑድ እሷ ቅዳሴ ላይ ሳለች ሐጂ ነቅለው ወደ እሳቸው ግቢ ተከሏቸው። ግን ሁለቱም በየተራ የሚነቅሉት ጉልበታቸው የፈቀደውን ያህል ነበር፤ ሌላው ችካል እዚያው ይቀራል። እኔ በእረፍት ቀኔ ስመጣ ሲባጎው ተጣሞ፣ ሠላሳው ሜትር ሠላሳ ሁለት ሆኖ አገኘሁት። እንደገና አባዛሁ። በሳምንቱ ሠላሳ አራት ሆነ። ደብተሬ በስርዝ ድልዝ ሞላ።

በመጨረሻ አንዳቸው የሌላውን ችካል መንካት ትተው በየግቢያቸው የየራሳቸውን ወጠሩ። ግንበኛው ሁለቱን ሲባጎዎች አየና፣ ምንም ሳይገርመው፣ ሁለት አጥር ስለሆነ ብሎኬቱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው አለ። በመሃል ያለችው አንድ ሜትር የማን ናት ብዬ ጠየቅኩ። የሐጂ ናት አለች እናቴ። የእሷ ናት አሉ ሐጂ። ማንም የማይፈልገው የቦሌ መሬት በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተናድጄ እኔ እወስዳታለሁ አልኩ፤ እንዳልሰማ ሰው አለፉኝ።

ይሄኔ ያን ሁሉ ሳምንት ከበረንዳው ሲመለከቱ የከረሙት የሐጂ ባለቤት ተናገሩ።

«ወርዱን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። እኔን የጨነቀኝ ቁመቱ ነው።»

እናቴ አቀርቅራ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። ያችን ሁለት ሜትር ማንንም ሳልጠይቅ ነበር የጻፍኳት። አፈርኩ። ሆኖም ስለ ሌባ ማንሳቴ አልቀረም። ሐጂ፣ ቀኑን ሙሉ ሁለት ሴቶች የሚጠብቁትን ግቢ የሚደፍር ሌባ ካለ ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ።

ግንበኛው ለናሙና ከመጡት ብሎኬቶች ወስዶ በሁለቱ ሴቶች ትክክል፣ መጀመሪያ ችካል በተከለበት መሃል ላይ፣ ያለ ሲሚንቶ አንድ ባንድ ይደረድር ጀመር። የመሬቱ ክርክር ተረሳ። እናቴ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ደረሰ፣ አራት፣ አምስት። ስድስተኛውን ሲያስቀምጥ ከወዲህ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ጠፋችብኝ።»

ግንበኛው ስድስተኛውን አነሳው። እኔም ደብተሬን አውጥቼ አምስት ብዬ ጻፍኩ።