ሁለት ቤት የተጣላበት እንግሊዝ

ቤተሰባችን እንግሊዝ ነበር። እስከ ልጄ የሽምግልና ቀን ድረስ።

እኔ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ሚስማርና ቆርቆሮ የምሸጥ ሰው ነኝ። አማርኛዬንም ያገኘሁት ትምህርት ቤት ሳይሆን ከወሎ ከመጡ ነጋዴዎች ጋር ዋጋ ስከራከር ነው። ክርክር ግን እችላለሁ። ጉዴን ያመጣውም እሱ ነው።

ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣው ታሪክ እንዲህ ይላል። ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በዚህ ሲያልፍ አንድ ወታደር ታሞ ሕንጣሎ ላይ ቀረ፤ ቅድመ አያቴን በወለደችው ሴት ደጅ ወደቀ። አስታመመችው። ዳነና ተቀመጠ። አንድ ቀን የጠፋች ጆሮ ቆራጣ ዳማ በቅሎውን ሊፈልግ ወጣ፤ በዚያው አልተመለሰም። ለኛ ግን ቅድመ አያቴን ትቶልን ሄደ።

ከዚያ ወዲህ እንግሊዙ በየትውልዱ አለ። ቅድመ አያቴ ሲናደድ ጉንጩ ይቀላ ነበር፤ እንግሊዙ ነው። አያቴ በርበሬ አይችልም ነበር፤ ሐኪሙ ጨጓራ ነው ቢለውም እንግሊዙ ነው። አባቴ ለሠርግ ሲጠራ ድንኳኑ ሳይተከል የሚደርስ ሰው ነበር፤ እሱም እንግሊዙ። እኔ ደግሞ ሱቄን «እንግሊዝ የሕንፃ መሣሪያ» አልኩት። ካርቶኑ ላይ ቻይና የሚል ተጽፎ እያዩ «የእንግሊዙን ሚስማር ስጠን» የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ከሁላችን የባሰችው የአባቴ እኅት ናት። ሰማንያ ዓመት አልፏታል። ሚኒባስ ላይ ጋቢና ካልሆነ አትሳፈርም። ጤና ጣቢያ ደም ሊወስዱላት ሲመጡ «ቀስ በይ ልጄ፣ ይሄ የውጭ ነው» ትላለች።

ልጄ ዓዲ ሓቂ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ከአንድ የቁሓ ልጅ ጋር ተዋወቀች። በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መንገዱም ስልኩም ተዘጋና ሠርጋቸው ተገፋ። ዓመታት ጠበቁ። በመጨረሻ የልጁ አባት፣ የጭነት መኪና ያለው ሰው፣ ልጁንና ሽማግሌዎቹን ይዞ ቤቴ መጣ። የንስሐ አባታችንም ነበሩ። እንደ ደንባችን ሁለቱ ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ከዚያ በታች ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም።

የልጁ አባት ቀድሞ ቆጠረ። ከልጁ ተነስቶ ራሱን፣ አባቱን፣ አያቱን እያለ ወጣ። ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሱ እንኳ እንግሊዝ ነበር» አለ፣ ምንም እንዳልሆነ ጣራውን እያየ።

ደሜ ፈላ። በዚህ አገር እንግሊዝ ያለን እኛ ነን።

«ከየት አመጣችሁት?»

«ራሱ ነው የመጣው። በቅሎ እየጎተተ ቁሓ ገባ።»

«በቅሎ?»

«አዎ፣ በቅሎ።»

ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። እኔ ግን የገዛ ዕቃዬን ሰው ሱቅ ውስጥ ካየሁ አልለቅም።

«በቅሎዋ ምን ዓይነት ነበረች?»

«ዳማ።»

«ጆሮዋስ?»

«የግራው ጅብ ቆርጦታል ይባላል።»

«ይኸው!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። «የኛ በቅሎ! የኛ እንግሊዝ! ሰርቃችሁን ነው እንጂ እናንተ እንግሊዝ የላችሁም!»

«አንተ!» አለኝ፤ እስከዚያ «እርስዎ» ነበር የሚለኝ። «እናንተ ቤት ታሞ ተኛ፣ እኛ ቤት በጤናው ኖረ። የማን ነው ታዲያ?»

ሽማግሌዎቹ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ስለ ኮርቻው ማለ፤ ሌላው ስለ ጫማው። ሁሉም ነገር ገጠመ። በመጨረሻ የልጁ አባት እጁን አነሳ። «እሺ ሓወይ፣ ሰውየው አንድ ነው። አምነናል።»

አሸነፍኩ። ዞር ስል ግን የሚስቅልኝ አጣሁ። ልጄ በሩ ላይ ቆማለች።

«ባባ፣ አሁን ከማን ጋር ነው ያዛመድከኝ?» አለችኝ፤ መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ገባች።



«በቅሎዋ ግራጫ ሳትሆን አትቀርም» አለ የልጁ አባት፣ ላቡን እየጠረገ።

«ጆሮዋም የቀኙ ሊሆን ይችላል» አልኩ።

«እንግሊዙን ውሰዱት በቃ። ከነበቅሎው።»

«ኧረ እናንተው ዘንድ ይሁን! እኛ ዘንድ የነበረው በሽተኛ ነው።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በቅሎ ከተማለባት በኋላ መልኳን አትቀይርም። ስድስተኛ ቤት ላይ ተገናኝታችኋል። አላጋባም።»

«ኣቦይ ቀሺ፣ አንዲት ትውልድ ምርቃት አይጨምሩልንም?» አልኩ ቄሱን።

«ሚስማር መሰለህ?»

ልጁ እስከዚያ ከአባቱ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል። ከጓዳ ለቅሶ ሲሰማ ግን ብድግ አለ፤ የት እንደሚሄድ ጠፋውና መልሶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጠችው አክስቴ ተናገረች።

«ኣቦይ ቀሺ፣ እንግሊዙ ካለ ይህች ልጅ አታገባም?»

«አታገባም።»

«ከሌለስ?»

«እንዴት ከሌለ?»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ልጅ ሆኜ አያቴ፣ እንግሊዙ ወለደው የምትሉት ራሱ፣ ነግሮኛል። እንግሊዙ ደጃቸው ላይ ሲወድቅ እሱ ቀድሞ ተወልዶ በእግሩ ይሮጥ ነበር። ከፈረንጁ እጅ ብስኩት ተቀብሎ መብላቱን እስኪሞት ያወራ ነበር። ሰው ከወለደው አባቱ ጋር እንደዚያ አይተዋወቅም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?» አሏት ቄሱ።

«እንግሊዝ አለመሆናችንን ማን ፈልጎ?»

መስቀሉን ስማ ማለችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እስከዚያ ቀን አሮጊት መሆኗን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ያለችው እውነት ይሁን አይሁን እግዜር ይወቀው፤ እኔ አልጠየቅኋትም። ቄሱ ተነሥተው መረቁ። ልጄ ከጓዳ ወጥታ አክስቴ እግር ላይ ወደቀች።

ሠርጉ ላይ የልጁ አባት ለብቻው የቀረለትን እንግሊዝ ማይክ ይዞ ሲያወራ ዋለ። በቅሎዋም ዳማ ሆና ተመለሰች። እኔ ጥርሴን ነክሼ አጨበጨብኩ። አክስቴ አጠገብ የተቀመጠ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ እናንተም ዘር እንዳላችሁ ሰምቼ ነበር፤ ከእንግሊዝ።»

«አይ ልጄ» አለችው፣ ዐይኗን ከሙሽራዋ ሳትነቅል። «ለኛ እንግዳ ነበር። አስታመምነው፤ ሲሻለው ሄደ።»