ሰናፍጩ ያቀረረው ውሃ

ሰናፍጭ ሲቀመጥ ውሃ ያቀርራል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። የተፈጨ ፍሬና ፈሳሽ አብረው ተመትተው ዝም ብለው ከተቀመጡ፣ ከባዱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ውሃው ከላይ ይቀራል። እናቴ በጾም ወራት ፍሬውን ከሾላ ገበያ ገዝታ፣ አጥባና ፈጭታ በትንሽ ማሰሮ ትበጠብጠው ነበር። ጠዋት ከድና ሄዳ ማታ ስትከፍተው ውሃ አቅርሮ ይጠብቃታል፤ በእንጨት ማንኪያ አማስላ ታቀርብልናለች። ከቤታችን ሰው “ውሃ ማን ጨመረበት?” ብሎ የጠየቀ የለም። እኔ ግን አንዲት ፊደል የቆጠረች ሴት ይህን ባለማወቋ ሌባ ተብያለሁ። አርጅቼም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ሃያ ዓመት ሲሆነኝ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ዳገቱ ላይ ካለ አንድ የፈረንጅ ቤት በወጥ ቤት ሠራተኝነት ገባሁ። ያኔ ያለ ዋስ የሚቀጥር አልነበረም። የኔ ዋስ የነፍስ አባቴ ነበሩ፤ እንጦጦ የሚያገለግሉ ቄስ። ጥምጥማቸውን አስተካክለው የቤቱ እመቤት ማዳም ፊት ቆሙና፣ “የዚች ልጅ እጅ ከሰው ዕቃ አይደርስም፤ አንድ ነገር ቢጎድል እኔን ይጠይቁ” ብለው ፈረሙልኝ። በዚያ ሰፈር ወጥ ሠሪ የምታድረው በስሟ ነው። በሌብነት ከተባረረች ዳገቱን ወርዳ ሳትጨርስ ወሬው ከዘበኛ ዘበኛ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ በር የሚከፍትላት የለም።

ማዳም ነጭ ፍሪጅ ነበራት። (ፊት ለፊት ሁልጊዜ “እርስዎ” ብያታለሁ፤ እዚህ “እሷ” ብላት የሚቀየመኝ ካለ ይቀየመኝ።) የፍሪጁ በር ላይ የጠርሙስ ዓይነት ተደርድሯል። ከሁሉ የምትሳሳለት ከአገሯ የሚመጣላትን ሰናፍጭ ነበር፤ እንግዳ ካልመጣ አይወጣም። ሁለት ሦስት ሳምንት ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳይወዘውዘው ብርድ ውስጥ ይቆማል። አንድ እሑድ እንግዶቿ ፊት ጠርሙሱን ሥጋው ላይ ዘቅዘቅ ስታደርገው፣ ቢጫ ውሃ ተንዶልዱሎ ሳህኑንም የጠረጴዛ ልብሱንም አበላሸ። ያኔውኑ ጠራችኝ።

“በልተሽ ውሃ ጨመርሽበት” አለችኝ ሰዎቹ ሁሉ እየሰሙ።

“አልነካሁትም ማዳም። ስለተቀመጠ ነው፤ ወዝውዘው ይሞክሩት።”

“ይህ የፋብሪካ ዕቃ ነው። ውሃ አይሆንም።”

ፋብሪካ የሠራው ሰናፍጭ ሰናፍጭነቱን ይረሳል ማለት ነው? ደግሞስ ምን ብዬ ልስረቀው? የእናቴ ሰናፍጭ ክዳኑ ሲነሳ ገና ዓይን ያስለቅሳል። የሷ ጠርሙስ ተከፍቶ አጠገቤ ሲቆም አፍንጫዬ ነገሬም አይለው። ከሌብነቱ ይልቅ ምርጫዬን መናቋ አንገበገበኝ ብል ውሸት አይሆንም።

በማግስቱ ሰናፍጩ የደረሰበት ላይ በእርሳስ መስመር አሰመረች። እዚህ ላይ የኔም ጥፋት አለበት፤ አልክድም። በኛ ቤት የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ ከላይ ያቀረረው ውሃ ይደፋል፤ ሴት ልጅ ከእናቷ የምትማረው ነው፤ እጅ ሳይታዘዝ ያደርገዋል። ከአሥር ቀን በኋላ ጠርሙሱ ውሃ አቅርሮ ሳየው፣ እንግዳ ፊት ዳግመኛ እንዳልዋረድ ብዬ ውሃውን ቀስ አድርጌ ላቫንዲኖ ውስጥ ደፋሁት። አፉንም በጨርቅ ወልውዬ መለስኩት። በሥራዬም ደስ ብሎኝ ነበር። መስመሩ ትዝ ያለኝ ማዳም ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ ስታይ ነው፤ ሰናፍጩ ከመስመሩ አንድ ጣት ወርዷል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። በዚህኛው ጊዜ አልጮኸችም። ዘበኛውን ወደ እንጦጦ ልካ ዋሴን አስጠራች።

አባ በማግስቱ በእግራቸው መጡ። በር ላይ ቆሜ ስጠብቃቸው ወደ ባሕር ዛፉ ገለል አደረጉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄ፣ እግዚአብሔር መሐሪ ነው። ቀምሰሽም እንደሆነ ለኔ ብቻ ንገሪኝ” አሉኝ።

ማዳም እኔን ከየት ታውቀኛለች? እሳቸው ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ኃጢአቴን አንድ ሳይቀር ያውቃሉ። በስምንት ዓመቴ ከጎረቤት ቤት የላስኩትን ማር እንኳ እያለቀስኩ የነገርኩት ለሳቸው ነው።

“አልቀመስኩም አባ። ያቀረረውን ውሃ ብቻ ነው የደፋሁት።”

“እሺ ልጄ፣ እሺ” አሉ፤ በሽተኛ በሚያባብሉበት ድምፅ።

ከዚያ በኋላ አልፈራሁም፤ ንዴት ፍርሃቴን አስጥሎኛል። ገብተን ማዳምን፣ “ዕቃ ቤት ያልተከፈተ ጠርሙስ አለ። በደንብ ይወዝውዙት፣ አባ ያሽጉት፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ውሃ ካላቀረረ ሌባ ነኝ” አልኳት። በንቀት ፈገግ ብላ አመጣችው። አባ የጧፍ ሰም ክዳኑ ዙሪያ አንጠባጥበው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ሁለት ሳምንት ተባለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፍሪጁን በከፈትኩ ቁጥር ከኋላዬ እየቆመች ጠበቀችኝ። ቅቤ ላወጣ ስል እንኳ ጫማዋ ይሰማኛል። ሌሊት ተኝቼ አላውቅም ማለት ይቀላል።

ቀኑ ደርሶ አባ መጡ። ሰሙ እንደታተመ ነው። በመስተዋቱ ውስጥ ከሰናፍጩ በላይ አንድ ጣት የሚሆን ቢጫ ውሃ ቆሟል። ማዳም ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ይዛ አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ሳቀች። “ለካ መወዝወዝ ነው” አለችና ወዝውዛ ቦታው መለሰችው። ወደኔ ዞራ ምሳ በሰባት ሰዓት እንዲደርስ አዘዘችኝ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፏ አልወጣም። ነጠላዬን አነሳሁና አባን ተከትዬ ወጣሁ።

“አሁን ምን ሆንሽ?” አሉኝ ዳገቱ መሐል ቆም ብለው። “እውነቱ ወጣ፣ ስምሽ ጸዳ። እንጀራሽን ለምን ትተያለሽ?”

“አባ፣ ጠርሙሱ መሰከረልኝ” አልኳቸው። “እርስዎን ዋስ ያልኩዎት ግን ጠርሙስ ሳይመሰክር እንዲያምኑኝ ነበር።”

እንደ ልማዳቸው መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። መስቀሉን ተሳለምኩ፤ እጃቸውን ግን አልሳምኩም።