ከዋንዛዬ የተሠራው ወንበር

የቤተክርስቲያናችን ግድግዳ ዝናብ ሲነካው የራሱ ሽታ አለው፤ እርጥብ ሳንቃ፣ ጭቃና ጭድ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ በገባ ቁጥር የሰባት ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ደግሞም ንድድ እላለሁ!

ወላጆቻችን ከወለጋ መጥተው ባሕር ዳር ፋብሪካ የተቀጠሩ ሉተራኖች ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ዳር ቁራሽ መሬት ሲያገኙ፣ ቤተክርስቲያኗ አገራቸው እንደለመዱት ረዘም ያለች፣ የእንጨት፣ አናቷ ላይ ትንሽ የደወል ማማ ያላት እንድትሆን ተስማሙ። ክብ ቤተክርስቲያን የለመዱት ጎረቤቶቻችን አጥሩን ተደግፈው «ኧረ ይሄስ የእህል መጋዘን ነው!» እያሉ ይስቁብን ነበር። መሠረቷ ጥቁር ድንጋይ፣ ማገሯ ባሕር ዛፍ፣ የፊት ግድግዳዋ ሳንቃ፣ ደወሏ ደግሞ የተሰቀለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነበር።

ደንቡ ከየቤቱ አንድ ዛፍ ነው። ከእኛ ግቢ የተመረጠው ዋንዛዬ ሆነ። ዥዋዥዌዬ የታሰረበት፣ ፍሬው እንደ ማር የሚጣፍጥ፣ ጣትን ከጣት የሚያጣብቅ፣ የተቀደደ ደብተር የምንለጥፍበት ዋንዛ። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ገለታ ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ይሄ ይሆናል» አሉ።

«የኔ ነው!» አልሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛፍ ያለው አባትሽ ነው። ላንቺ ጥላው ይበቃሻል» ብለው ሳቁ። አባዬም አብሯቸው ሳቀ። ጥላውንም ወሰዱት እኮ! ዥዋዥዌዬን እንኳ ሳይፈቱ ነው የጣሉት።

ዋንዛዬ በርና መስበኪያ ሆነ። ከተረፈው ሳንቃ ለሽማግሌዎች ፊት ለፊት ወንበር ተሠራ፤ ባለመደገፊያው የጋሽ ገለታ። እኔ ደግሞ ጊዜዬን ጠበቅሁ። በምርቃቱ ጠዋት ከጎረቤት ዋንዛ የበሰለ ፍሬ ለቅሜ በቲማቲም ጣሳ ጨፈለቅሁና፣ ሰው ሳይመጣ ገብቼ ያን ወንበር መደገፊያው ሳይቀር ቀባሁት። ቫርኒሽ የተቀባ ይመስል ያበራ ነበር።

ቄሱ ስብከቱን አስረዘሙት። ይባረኩ፣ ሙጫው በደንብ ያዘ! በመጨረሻ «ይህን ቤት ያሠሩልን ጋሽ ገለታ ይነሡልን» አሉ። ጋሽ ገለታ ተነሡ፤ ነጩ ጋቢያቸው ግን አልተነሣም። አንገታቸውን ይዞ መልሶ አስቀመጣቸው። መዘምራኑ ሳይቀሩ በሳቅ ፈነዱ።

«ማነው ይሄን ያደረገ?» አሉ ጋሽ ገለታ።

«ዋንዛው ነዋ!» አልሁ፣ ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብዬ። እማዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን አሥራ ስድስት ሞላኝ። የዘንዘልማ እርሻ ቤት በቤት ሆኗል፣ ባጃጅ ደጃችን ድረስ ይመጣል፣ እንጨቷ ቤተክርስቲያንም ፈርሳ በብሎኬት ልትተካ ነው። ያኔ እዚያው ውስጥ ተንበርክኬ እንድትፈርስ እጸልይ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን ምስጥ የበላው ማገሯን ስዳስስ አንድ ክረምት እንኳ ብትጨምር ብዬ ተመኘሁ።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ገለታ ከዘራቸውን ይዘው ቤታችን መጡ።

«ጽሑፍ ላይ ጎበዝ ነሽ አሉ። ከመፍረሷ በፊት ታሪኳን ጻፊልን፣ ለምእመናኑ ይነበባል» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «የወንበሩን ነገር እንኳ ተይው፣ የኔ ልጅ።»

«ዛፉ የማን ነበር ይላሉ፣ ጋሼ?»

በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው «ያንቺ ነበር» አሉ።

ደስታዬን ዋጥ አድርጌ እስከ በር ሸኘኋቸው። ተመልሼ ገባሁና ጻፍሁት፤ ከነወንበሩ፣ ከነጋቢው፣ «ያንቺ ነበር» ያሉኝንም ጭምር። እሑድ ቆሜ የማነበው እኔ ነኝ፤ ጋሽ ገለታ ደግሞ ዛሬም የሚቀመጡት ከፊት ነው።