የተከለከለው ጭስ

ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሣሁ። የምሄደው ሞጣ አካባቢ ነው፤ ሥራውም ቀላል ነው ተብያለሁ። አንድ የደን ፕሮጀክት፣ በእሱ ምክንያት ሕይወታቸው የተለወጠ ገበሬዎችን አነጋግሬ፣ ፎቶ አንሥቼ፣ ጽፌ እንድመጣ ቀጥሮኛል። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሁለት ጊዜ ደውዬ አረጋገጥኩ፤ ከታሪፍ በላይ ከፍዬም ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ሥር ተቀመጥኩ።

የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን ደጀን ስንደርስ ቀትር ሆኗል። ከጭነት መኪና ሾፌሮች ጋር ጠረጴዛ ተጋርቼ ጥብስ በላሁ። ከዚያ ወዲያ እስከ ቢቸና ድረስ ግራና ቀኙ አጨዳ የሚጠብቅ ቢጫ ጤፍ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን የምጽፈው በኋላ የመጣውን ንዴት ከቤቴ ይዤው የሄድኩ እንዳይመስል ነው።

ቢቸና፣ ከሰዓት በኋላ

የፕሮጀክቱ ባለሙያ፣ ትሑት ወጣት፣ ቢሮው ተቀብሎ አስረዳኝ።

"ውጭ አገር በከሰል የኖረ፣ የቆየ የኢንዱስትሪ አካባቢ አለ። እዚያ ያለ አንድ ፋብሪካ ጭሱን ይዞ መሬት ውስጥ የሚቀብር መሣሪያ ሊተክል ቃል ገብቶ ነበር።"

"ታዲያ?"

"ውድ ሆነባቸው። ፋብሪካው ይዘጋ እንዳይባል ደግሞ ሠራተኛው በምርጫ ድምፁን ይነሣናል ብለው ፖለቲከኞቹ ፈሩ። ስለዚህ መሣሪያው እስኪተከል የጭሱን ካርቦን፣ እነሱ እየከፈሉ፣ የእኛ ደን ይያዝላቸው ተባለ።"

"መቼ ነው የሚተከለው?"

"እሱ እንኳ ዶክመንቱ ላይ የለም" አለና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ሞጣ፣ ረቡዕ

በጉንደ ወይን አልፈን ሞጣ ገባን። ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ያለው፣ የፕሮጀክቱ ደን የተተከለበት ኮረብታ ዙሪያውን ታጥሯል። ከስም ዝርዝሬ መጀመሪያ ላይ ያሉት አያ ጥሩነህ ንብ አርቢ ናቸው። አሥራ ሁለቱ ቀፎዎቻቸው ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ የሚቀመጡት እዚያው ኮረብታ ላይ ነው፤ ጊዜውም ማር የሚቆረጥበት ነበር።

"አንቺ ስትመጭ ደስ ብሎኛል እንድል ነግረውኛል" አሉኝ፣ ሰላምታችንን ሳንጨርስ። "ዛፉን አልጠላሁትም። ንቤም ወዶታል። ጭስ ግን ከለከሉኝ።"

ጭስ የሚሏት ማር ሲቆረጥ ቀፎው አፍ ላይ የምትያዝ፣ እፍኝ ከማትሞላ ኩበት የምትወጣ ናት። ንቡ እሷን ካልሸተተ አይረጋም። ፕሮጀክቱ ደግሞ ከአጥሩ ውስጥ እሳትም ጭስም እንዳይታይ ደንብ አውጥቷል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አብሬያቸው ወጣሁ። ጥበቃው የገዛ ጎረቤታቸው ነው። የያዙትን ኩበት ተቀበላቸው።

"አያ ጥሩነህ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እንጀራዬ ሆኖ ነው።"

ያለ ጭስ ሞከሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ቀፎውን ሲከፍቱት ንቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንድ እፍኝ ማር እንኳ ሳያወጡ ሸሹ። ግራ ዓይናቸው ወዲያው ተደፈነ። ቤት ስንመለስ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ የንቡን መንደፊያ ከፊታቸው ላይ በጥፍራቸው አንድ በአንድ ነቀሉላቸው።

"እስቲ ልጠይቅሽ ልጄ" አሉኝ አያ ጥሩነህ። "ያንን ፋብሪካ ጭስህን አቁም ያለው አለ?"

"የለም።"

"ዘበኛስ አላቆሙበትም?"

"አላቆሙም።"

"እንግዲያ የኔ ጭስ ነው ከባዱ" አሉ። አልሳቁም።

እኔ ግን በግኜ ነበር። ሠራተኛው ድምፅ እንዳይነሣቸው ፈርተው የገዛ ፋብሪካቸውን ያልነኩ ሰዎች፣ ድምፅ የማይሰጣቸውን የሞጣ ሽማግሌ ኩበት አስጣሉ። ቢቸና ላይ በሳቅኩት ሳቅም አፈርኩ።

አዲስ አበባ፣ ዓርብ

ሐሙስ ማታ ቤቴ ገባሁ፤ በማግስቱ ደወልኩላቸው። ዓይናቸው ተከፍቷል። ማሩ ግን እዚያው ቀርቷል።

"ቀፎዎቹን ላወርዳቸው ነው" አሉኝ። "ንቡ ሌላ ቦታ ይለምድ እንደሆነ እንጃ። እኔም ከእንግዲህ ስንት ዓመት ልጠብቀው?"

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ጭስ የሚከለከለው በብዛቱ ሳይሆን በባለቤቱ አቅም መሆኑን ነው። ስልኩን ዘግቼ ፕሮጀክቱ እንድሞላ የሰጠኝን ቅጽ አወጣሁ። "የፕሮጀክቱ ተጠቃሚ ሙሉ ስም" ይላል። አያ ጥሩነህን እንድጽፍ ነበር የተላክሁት፤ የፋብሪካውን ስም ጽፌ ላክሁት።

ከሰዓት በኋላ ከፕሮጀክቱ ቢሮ ደወሉልኝ። ተሳስቼ መስሏቸው በትሕትና እንዳርመው ጠየቁኝ።

"አልተሳሳትኩም" አልኳቸው።