አበልጅና ኪራይ

የእኛ ግቢ ኪራይ በደብረ ታቦር ከተማ ዝቅተኛው ሳይሆን አይቀርም። ሰው ሞኞች ናችሁ ይለናል፤ እኔ አልከፋኝም።

እኔና ባለቤቴ መምህራን ነን፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ አማርኛ። ልጅ አልሰጠንምና በእርጅናችን የሚጦረን የለም ብለን የሚከራይ ቤት ልንሠራ ተነሳን። ከሥራው ይልቅ ያደከመን ለማን እናከራይ የሚለው ክርክር ነው። እኔ አንድ ሰፊ ቤት ሠርተን ለመሥሪያ ቤት እንስጥ አልሁ።

"መሥሪያ ቤቱ የለቀቀ ቀን ባዶ ግድግዳ ታቅፈን ልንቀር ነው። በረድፍ ሦስት ቤት እንሥራ፤ አንዱ ቢለቅ ሁለቱ አሉ" አለ።

እውነቱን ነው፣ ተረታሁ። ዩኒቨርሲቲው ተከፍቷልና ለተማሪ ይሁን ብል ይህንንም አልወደደም። ተማሪ ክረምት ሲገባ ይሄዳል፣ ላጤ ያመሻል፤ ትዳር የያዘ የመንግሥት ሠራተኛ ግን ከገባ አይነቃነቅም። በየመስከረሙ ትንሽ ትንሽ እየጨመርን በጭማሪው ከኋላ ሌላ ረድፍ እንሠራለን፣ ጡረታ ስንወጣም የሰው እጅ አናይም አለ። ስሌቱ እንከን አልነበረውም። ትዳር የያዘ ሰው እንደሚወልድ ብቻ ረሳ።

የመጀመሪያው ቤት ተከራይ የግብርና ሠራተኛ ናት፤ ዓመት ሳይሞላት ሴት ልጅ ተገላገለች። ዘመዶቿ ጉና ማዶ ስለነበሩ በአራስነቷ የተንከባከብኋት እኔ ነኝ። ሰማንያ ቀኑ ሲቃረብ "እትዬ፣ ክርስትና ያንሱልኝ" ስትለኝ ከደስታ ብዛት የምይዝ የምጨብጠውን አጣሁ።

መስከረም ጠባና ባለቤቴ "ጭማሪውን ነገርሻት?" አለኝ።

"ምን ነካህ? አበልጄ ላይ ኪራይ ልጨምር?"

በእኛ አገር አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። በአበልጁ ላይ ኪራይ የጨመረ ሰው ገበያ ሳይደርስ ወሬው ይቀድመዋል።

በዓመቱ የመካከለኛው ቤት ተከራይም ወለደች፤ እሷም ሴት፣ እሷም ወደ እኔ መጣች። ባለቤቴ ጦፈ። "አንቺ ሴትዮ፣ አከራይ ነሽ ወይስ ክርስትና አንሺ?" እያለ ሲነጫነጭ ዋለ።

"ባለ ትዳር ይሁን ያልኸው አንተ!" አልሁት።

ከዚያ በኋላ ሦስተኛውን ቤት እኔ እይዘዋለሁ አለ። እዚያ ከደቡብ የመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከነባለቤቱ ይኖራል። ባለቤቴ ከእነሱ ጋር ከደጅ ሰላምታ አያልፍም፤ ቤታቸው ገብቶ ውኃ እንኳ አልቀመሰም። ነሐሴ መግቢያ ላይ ሴትዮዋ ወንድ ልጅ ወለደች። ገንፎ ይዤ ስሄድ "ጀመረሽ ደግሞ!" ብሎ ተቆጣኝ።

መስከረም እንደጠባ ኮቱን ለብሶ ጭማሪውን ሊናገር ገባ። ቶሎ ይወጣል ብል ቆየ። ተጣልተው ይሆናል ብዬ ልሄድ ስነሳ ቀስ ብሎ መጣ።

"ነገርኸው?"

"ገና ከመቀመጤ 'ጋሼ፣ እዚህ አገር ከእርስዎ በቀር ዘመድ የለንም፤ የልጃችን ክርስትና አባት ይሁኑልን' አለኝ።"

ሳቄን ልይዘው አልቻልሁም። "ጭማሪውስ?"

"ልጁን ክንዴ ላይ አስቀምጠውብኝ እኮ ነው የለመኑኝ።"

ባለቤቴ ከዚያ ቀን በፊት ሕፃን ታቅፎ አያውቅም ነበር። ክንዱን ገና እንዳጠፈው ነው፤ እኔም ዘርጋው አላልሁትም።