ለነጃት አባት ለቅሶ ጅቡቲ የሄድኩ ጊዜ

ለቡ ጣቢያ

ባቡሩ ማለዳ ስለሚነሳ ከቤቴ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። የምሠራው በአንድ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የመንፈሳዊ አገልግሎት ክፍል በሚባለው ቢሮ ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ሥራውን ላስረዳችሁ፦ ጸሎት ቤቱን አሰናዳለሁ፣ ሱባዔ የሚገቡትን እሸኛለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ የከፋው ተማሪ ሲመጣ ደግሞ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ።

ከሚመጡት አንዷ ነጃት ነበረች። ወላጆቿ ከድሬዳዋ ጅቡቲ ገብተው ሱቅ የከፈቱ ሙስሊሞች ናቸው። ሃይማኖታችን ለየቅል ቢሆንም እሷ ከቢሯችን አትጠፋም። በመጨረሻ ዓመቷ አባቷ ሞተና ወደ ቤቷ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ብንደውልላት፣ «አልመለስም እትዬ፣ በቃ» ብላ ዘጋችው።

ኃላፊያችን ሲስተር ለተማርያም ጠሩኝ። «ሂጂና ለቅሶ ድረሺ። ፈተናው እየቀረበ ነው። ምናልባት የካቶሊክ ቤት መሆኑ ቤተሰቧን አስፈርቷቸው ይሆናል። ሃይማኖቷን ማንም እንደማይነካ አስረጃቸው» አሉኝ።

የኔ ጉዞ እንግዲህ ይኸው ነው፤ አንድ ለቅሶና አንድ ንግግር ይዤ ተሳፈርኩ።

በመንገድ

ከአዳማ በኋላ ምድሩ እየነጣ ይሄዳል፤ መተሐራ ጋ ደግሞ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሐዲዱን ከግራ ከቀኝ ይከበዋል። ድሬዳዋ አደርን። ጠዋት ጣቢያው አጠገብ ትኩስ ሳምቡሳ በሻይ በላሁና እንደገና ተሳፈርኩ። ንግግሬን ለራሴ ሳነበንብ ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ታዘበችኝ።

«እህቴ፣ ዳዊት ነው የምትደግሚው?»

«የለም፣ ንግግር ነው የማጠናው።»

«ለሚኒስትር ነው?»

«ለሐዘንተኛ።»

«ታዲያ ለሐዘንተኛ ንግግር ምን ያደርጋል?» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ልብ አላልኳትም።

ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ፣ ፓስፖርታችን ተመታና ጅቡቲ፣ ናጋድ ጣቢያ ገባን። ከባቡሩ ስወርድ ሙቀቱ የምድጃ አፍ እንደተከፈተብኝ ያህል ነበር። ባለታክሲው ሁለት ሺህ ፍራንክ አለኝ፤ በአማርኛ ተጨቃጭቄ አምስት መቶውን አስቀነስኩት። እሱም በአማርኛ ነው የተጨቃጨቀኝ።

ካርቲየ ሰባት

ካርቲየ ሰባት ወደሚባለው የነነጃት ሰፈር ስደርስ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ወንዶቹ ጉንጫቸውን በጫት ሞልተው ጥላ ጥላውን ይዘዋል። ቤቱን ብጠይቅ ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ አሳየኝ።

እኛ አገር ዘግይቶ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከደጅ ጀምሮ እያለቀሰ ነው የሚገባው። ዝም ብሎ ገብቶ ቢቀመጥ ይነወራል። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ደረቴን እየመታሁ «ወንድሜን! ኧረ ወንድሜን!» ብዬ ለቀቅኩት። መንገዱ በሙሉ ዞረ። ልጆች ተሰበሰቡ። አንድ ሰውዬ ከውስጥ ተወርውሮ ወጣ፤ የሟች ታናሽ ወንድም ዩሱፍ ነው።

«እህቴ፣ እባክሽ! እኛ ዘንድ እንዲህ አይጮህም። ዱዓ አድርጊለት።»

መሬት ብትከፈት በገባሁ። ከመጋረጃ ጀርባ ግን የሴት ድምፅ ተሰማ፤ የነጃት እናት ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው።

«ተዋት ዩሱፍ። ድሬ እያለን የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እንዲህ ነበር የሚደርሱልን።» እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ። ነጃት ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

በምድጃ ግድግዳ ላይ የተጋገረ ሰፊ ቂጣና በበርበሬ የተጠበሰ ዓሣ ቀረበልኝ። ከበላን በኋላ ጉሮሮዬን ጠርጌ ንግግሬን አወረድኩት። ማንም ሃይማኖቷን አይነካም፣ ሰላቷን በነፃነት ትሰግዳለች፣ አልኩ። ዩሱፍ እስክጨርስ ጠበቀኝ። የድሬ ልጅ ነውና አንቱታ አያውቅም።

«ሃይማኖት ማን አነሳ? ወንድሜ ‹መነኮሳቱ አሉላት› እያለ ነበር ያለሐሳብ የሚተኛው። አንቺ ግን ምን ጎደላችሁ ብለሽ ጠየቅሽ?»

አልጠየቅኩም ነበር። ነገሩ ይህ ነው፦ ባል የሞተባት ሙስሊም ሴት ኢዳ ትቀመጣለች፤ አራት ወር ከምናምን ከቤቷ አትወጣም። ወይዘሮ ዘይነባ ሱቁ ሊውሉ አይችሉም። ዩሱፍ ወደብ ላይ ከጉምሩክ ዕቃ የሚያስፈታ ትራንዚተር ነው፤ እስከ ቀትር ሥራ ላይ ነው። ሠራተኛ ለመቅጠር ደግሞ የሱቁ ትርፍ አይበቃም። ሱቁ ከተዘጋ የሚበሉት የለም። የቀረችው ነጃት ብቻ ነች።

ሱቁ

በነጋታው ከነጃት ጋር ሱቅ ዋልኩ። ሩዝ ትመዝናለች፣ በሶማሊኛ ትቀልዳለች፣ በፈረንሳይኛ ትቆጥራለች። ፋታ ስታገኝ ጠየቅኳት።

«አንቺስ? መመለስ ትፈልጊያለሽ?»

«ብፈልግስ እትዬ? እናቴን ጾሟን ላሳድራት?» ሚዛኑን መወልወል ጀመረች። «ሌሊት ሌሊት ግን በህልሜ እፈተናለሁ።»

ከሱቁ ፊት ለፊት ሐዋ የምትባል ጎረቤታቸው የጫት ጠረጴዛ አላት። ጫቱ ከኢትዮጵያ የሚደርሰው ቀትር ላይ ስለሆነ ጠረጴዛዋ ባዶ ነበር። ሶማሊ ናት፤ አማርኛ የተማረችው ከደንበኞቿ ነው።

«ትናንት ሰፈሩን በጩኸት ያስበረገግሽው አንቺ ነሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ለምን እንደመጣሁ ስነግራት ግን ሳቋ ጠፋ። ወደ ነጃት ዞረች።

«ትምህርት አልቆ የመጣሽ መስሎኝ! ለምን አትነግሪኝም? እኔ ጫት እስኪመጣ ዝንብ ነው የምቆጥረው። ሩዝ መመዘን ያቅተኛል?»

ቀትር ላይ ሱቁ ተዘጋ፤ ሐዋም የመጣላትን ጫት ሸጣ ስትጨርስ ተከትላን ቤት ገባች። ዩሱፍ የጫት እስሩን በብብቱ ይዞ ሊወጣ ሲል በር ላይ ተገናኙ።

«ጠዋት እኔ አለሁ» አለችው። «ከሰዓት አንተ ክፈት።»

«ሐዋ፣ አንቺ ከጫት ሌላ ምን ታውቂያለሽ?»

«አንተስ ከቀትር በኋላ ከጫት ሌላ ምን ታውቃለህ? የምሸጥልህ እኔ አይደለሁም?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም። ሱቁ ከቀትር በኋላ የሚከፈተው አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ የበርጫው ሰዓት ነው። ከወደብ ድካም በኋላ ከጓደኞቹ ጋር የሚቀመጥባት አንዲት ጊዜ እሷ ነች። ይህን ያወቁት ወይዘሮ ዘይነባ ከመጋረጃው ጀርባ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ዩሱፍ፣ ወንድምህ በርጫ ትቶ ከሰዓትም ሱቅ መዋል የጀመረው እሷ ዩኒቨርሲቲ በገባች ዓመት ነው። አላስገድድህም።»

ዩሱፍ እጁን ወደ ብብቱ ሰደደ። ከዚያ የጫቱን እስር ለሐዋ ሰጣት።

«መልሰሽ ሽጪው።»

«የተሸጠ አይመለስም» ብትልም ተቀበለችው።

ነጃት ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። «እማ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔ የምለው ተመርቀሽ ነይ ነው።»

መመለሻ

የተሰናበትነው በር ላይ ነው። ወይዘሮ ዘይነባ እግራቸውን ከደፉ ሳያሳልፉ ልጃቸውን ወደ ውስጥ ስበው አቀፏት፤ ከዚያ ወደ ውጭ ገፋ አደረጓት። ናጋድ ጣቢያ ድረስ ነጃት አለቀሰች። እኔም አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ያቺ የባቡር ሴትዮ ትዝ ብላኝ።

አዲስ አበባ ስንገባ ሲስተር ለተማርያም በሩ ላይ ጠበቁን። ነጃትን አቅፈው አስገቧትና ወደኔ ዞሩ።

«ንግግሩ ሠራ?»

«አልሠራም ሲስተር። ያልተከሰሰ ሃይማኖት ልከላከል ነው የሄድኩት። የጎደላቸው ሱቅ የሚውል ሰው ነበር።»

«እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ» አሉ ሲስተር።

ከዚያ ወዲህ ከተማሪዎቻችን ቤት ሐዘን ሲደርስ ከማጽናኛው ቃል በፊት የምጠይቀው አለኝ፤ የሟች ሥራ ማን ላይ ወደቀ? ብዙ ጊዜ መልሱ ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ ነው።

ነጃት የመጀመሪያውን ፈተና ልትገባ ስትል ስልኳ ጠራ፤ ሐዋ ነች። ከጀርባዋ የደንበኞች ጩኸት ይሰማል። ነጃት «ግራ በኩል፣ ከዘይቱ ሥር!» ብላ መለሰችላትና ስልኩን አጥፍታ ሰጠችኝ።

«ምን ጠፋ?» አልኳት።

«ስኳር» አለችና ገባች።